የስክሪኗ ሴትዮና የእህቴ ነጠላ

ሴትዮዋን ከደረቷ በታች አይቻት አላውቅም። እግር ይኑራት አይኑራት እንጃ። እንደ ጉርድ ፎቶ ተቆርጣ፣ ከኋላዋ ነጭ ግድግዳ፣ ግድግዳው ላይ የቀስተ ደመና ሥዕል ተለጥፎ፣ እንዲህ ሆና በሳምንት ሁለቴ ፍኖተ ሰላም ውስጥ እኔ ተቀጥሬ የምሠራበት ጽሕፈትና ፎቶኮፒ ቤት ትመጣለች። አዲስ አበባ ተቀምጣ ነው የምትመጣው። መጀመሪያ ድምጿ ይደርሳል፤ አፏ ኋላ ይከተላል። «ሃይ፣ እንዴት ናችሁ?» ስትል እህቴ ከወንበሯ ተነስታ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ጎንበስ ብላ እጅ ትነሳለች። ለኮምፒውተር።

«ተቀመጪ እንጂ እታለም፤ ሆድሽን ነው እኮ የምታየው።»

«ተቀምጦ ሰላም አይባልም። አንቺን ማን እንዳሳደገሽ እንጃ።»

«አንቺ ነሽ ያሳደግሽኝ።»

«እሱ ነው የሚቆጨኝ።»

እህቴ ስትቀመጥ ልጅቷ ጭኗ ላይ ናት። የእህቴ ልጅ። አራት ዓመት ሞልቷታል፤ አንድ ቃል የላትም። ስሟን ቢጠሯት አትዞርም። ባጃጅ ጥሩንባውን ሲነፋ ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ ትጮኻለች። ከዚህ ዓለም የምትወደው የኔን ፎቶኮፒ ማሽን ነው፤ ትኩስ ወረቀት ሲወጣ ትነጥቀኝና ጉንጯ ላይ፣ ከንፈሯ ላይ ትለጥፈዋለች። የስንቱን ሰው መታወቂያ፣ የስንቱን የፍርድ ቤት አቤቱታ ልሳ መልሳልኛለች። ደንበኛ ሲቆጣኝ «ማኅተም ነው፤ ለዚህ አናስከፍልም» እላለሁ።

ኦቲዝም የሚባል ነገር መኖሩን ያወቅሁትም በዚያው ማሽን ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነጥብ ሳይመጣልኝ ቀረ። ቀበሌው በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጂ፣ ድንጋይ ጥረቢ ሲለኝ «እናንተ ጥረቡ» ብዬ እዚህ ገባሁ። ሥራው ያሰለቻል፤ ሲሰለቸኝ በማሽኑ ውስጥ የሚያልፈውን ሁሉ አነባለሁ። አንድ ቀን ከጤና ጽሕፈት ቤት ማስታወቂያ ሊባዛ መጣ። መናገር ለዘገዩ፣ ሲጠሯቸው ለማይዞሩ፣ ለብቻቸው ለሚጫወቱ ሕፃናት ከአዲስ አበባ በቪዲዮ በነጻ እናስተምራለን ይላል። አንዱን ለራሴ አስቀረሁ። የቀሩት የት እንደተለጠፉ እስከ ዛሬ አላየሁም። መሳቢያ ውስጥ ያለ ልጅ ካለ እሱ አንብቦታል።

እህቴን ብዙ መለመን አላስፈለገኝም፤ የሚያጣድፋት ነገር ነበር። የባሏ አባት፣ «አያ» ነው የምንላቸው፣ ሰከላ ውስጥ ከግሽ ዓባይ ማዶ ያሉ ገበሬ ናቸው። ልጅቷን ዓይን በልቷታል፣ ከተማው ያባብስባታል፣ ለፋሲካ መጥቼ እወስዳታለሁ፣ ፀበሉ አጠገብ እኔ ዘንድ ትኑር ብለው ልከዋል። የእህቴ ባል ደግሞ በአባቱ ቃል ላይ ቃል የሚጨምር ሰው አይደለም። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ መሀል እየተመላለሰ እህል የሚደልል፣ ገበያ ላይ አፉ የማይከደን ሰውዬ፣ አባቱ ፊት ሲቀርብ ከልጁ ብሶ ዲዳ ይሆናል።

«እስከ ፋሲካ አንድ ነገር ካሳየች እነግራቸዋለሁ» አለ። «ካላሳየች ግን ምን አፍ አለኝ?»

አፍ ያጣው እሱ፤ የሚፈረድባት እሷ።

እህቴ ፀበሉን አይደለም የምትፈራው። እሷም ትሳለማለች፣ እሷም ትጠመቃለች። የምትፈራው ቤቱን ነው። ሙሽራ ሆና እዚያ ቤት የገባች ሰሞን፣ ከጥጆቹ ጋጣ አጠገብ አንድ ጎልማሳ ሰው እግሩን በጠፍር ከምሰሶ ጋር ታስሮ አየች። የአያ ታናሽ ወንድም ነበር። «ምን አድርጎ ነው?» ብትል ሴቶቹ «ምንም አላደረገ፤ እንዳይጠፋ ነው» አሏት። በክፋት አልነበረም። እኔን የሚያናድደኝ እሱ ነው፤ በክፋት ቢሆን ይቀል ነበር። ያበሉታል፣ ያጥቡታል፣ ለዓመት በዓል አዲስ ልብስ ያለብሱታል፤ ጠፍሩን ግን አይፈቱለትም። እዚያው ሞተ። ምሰሶው አሁንም አለ። እህቴ ልጅቷ አልናገር ያለች ጊዜ መጀመሪያ ያየችው እሱን ምሰሶ ነው።

እንግዲህ ይኼን ሁሉ ይዘን ነው ሴትዮዋ ፊት የምንቀመጠው። እሷ ኩባያ ታነሳለች፤ እህቴም እዚህ ኩባያ ታነሳለች። ልጅቷ ውሃ ብላ እንድትጠይቅ ነው። «እይኝ የኔ ቆንጆ፣ ዓይኔን እይኝ። ው-ሃ። ው-ሃ።» እኛ አገር የትልቅ ሰው ዓይን ላይ ዓይኗን የምትተክል ልጅ ዓይን አውጣ ትባላለች፤ እናቷም አብራ ትሰደባለች። ልጅቷ ሰው አለማየቷ እህቴን ካስጨነቋት ነገሮች ውስጥ አልነበረም። እንዲያውም ጎረቤት «ጨዋ ናት» የሚላት በእሱ ብቻ ነበር። አሁን ደግሞ ዘመዳችን ያልሆነች ሴት ወር ከወር «ዓይኔን እይኝ» ትላለች። የሚታይ ዓይን ቢኖራት ጥሩ። ስክሪኑ ላይ ዓይኗን ካየሽ ለእሷ ወደ ታች የምታዪ ይመስላታል፤ ካሜራውን ካየሽ ደግሞ አንቺ እሷን አታዪም። ይኼንኑ ነገርኳት።

«ጥሩ ጥያቄ ነው» አለችኝ።

ጥያቄ አልነበረም።

ከሁሉ የባሰው ግን ምስጋናዋ ነው። ልጅቷ ወደ ኩባያው እጇን ከላከች፣ ወይም እንዲያው ቀና ካለች፣ ሴትዮዋ ታጨበጭባለች። «ጎበዝ፣ ጎበዝ! እንዴት ያለ ቆንጆ ዓይን ነው!» እግዜር ያሳድጋት የለ፣ እትፍ እትፍ የለ። ባዶውን። እኛ ዘንድ የሰው ልጅ ባዶውን አይመሰገንም። ጎረቤት ሕፃን አይታ ስትወድ «ምን ፉንጋ ናት» ትላለች፤ ወይ እትፍ ትልባታለች፣ ወይ የአምላክ ስም ትጠራባታለች። ባዶውን ያመሰገነ ሰው ዓይኑ ክፉ ነው፤ ክፉ ካልሆነም እናቱ አላስተማረችውም። ልጅቷን ዓይን በልቷታል እየተባለ፣ ይቺ ሴት ከመስታወት ውስጥ አፍጥጣ «ቆንጆ ዓይን» እያለች ታጨበጭባለች። እህቴ ምን ታድርግ? «ምን ጎበዝ ናት እቴ፣ የሷ ነገር» ትልና ነጠላዋን በልጅቷ ራስ ላይ ትጥልባታለች። «እመቤቴ ትሸፍንሽ፣ እመቤቴ ትሸፍንሽ» ትላለች በለሆሳስ።

አዲስ አበባ የሚታየው እንግዲህ ይኼ ነው፤ ልጅቷ አንድ ጥሩ ነገር ባደረገች ቁጥር ስክሪኑ ነጭ ጨርቅ ይሆናል።

«እናት፣ ምን ሆነ? ጠፋችብኝ እኮ።»

«አለች፣ አለች» ትላለች እህቴ። ነጠላውን ግን አታነሳም።

«ኔትወርኩ ነው» እላለሁ እኔ።

ነጠላው ሥር ልጅቷ ዝም ትላለች። ሌላ ጊዜ አንድ ቦታ የማይቀመጥ ገላዋ ይረጋል። በጨርቁ ላይ የጣቶቿ ቅርጽ ጥለቱን ተከትሎ ሲሄድ ይታያል።

ሴትዮዋ እህቴን ወደደቻት። የወደደቻት እሺ ስለምትላት ነው። «ቤት ውስጥ ሥዕል ትለጥፊላታለሽ፣ እሺ?» «እሺ።» «በየቀኑ መስታወት ፊት ታጫውቻታለሽ፣ እሺ?» «እሺ።» «የምትወደውን ነገር እማትደርስበት ቦታ አድርገሽ፣ ራሷ እስክትጠይቅሽ ትጠብቂያለሽ። ቶሎ አትሰጪያትም። እሺ?» «እሺ።» አንዱንም አታደርገው። እንግዳን እምቢ ማለት ነውር ነው፤ ስለዚህ እሺ ይባላል። እሺ ያለሽ ጎጃሜ ሰማሁሽ አለሽ እንጂ አደርገዋለሁ አላለሽም። ሴትዮዋ ግን በእያንዳንዱ እሺ ፊቷ ይበራል።

የመጠበቁ ነገርማ እህቴን አስቀየማት። መንገድ ላይ ስንወጣ እንዲህ አለች፦

«ይቺ ሴት ወልዳለች?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«አልወለደችም። ልጅ ሳይለምን የሚሰጥ አይደል እንዴ እናት ማለት? ከለመነማ ጎረቤትም ይሰጠዋል።»

በመጨረሻ ሴትዮዋ ነጠላውን ደረሰችበት። ልጅቷ ከትምህርቱ መሸሸጊያ አድርጋዋለች፣ ስለዚህ በትምህርት ሰዓት ነጠላ አይለበስ አለች። ለባለትዳር ሴት፣ በአደባባይ፣ ደንበኛ ወረፋ ይዞ በሚሰማበት ቤት፣ ነጠላሽን አውልቂ። እህቴ እሺ አለች። በሚቀጥለው ጊዜ በነጠላዋ ላይ ጋቢ ደርባ መጣች።

ጾሙ እንደገባ የሞባይሉ ኔት ቆመ። ለምን እንደቆመ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያወራም፤ ጊዜው እንደዚያ ነበር። አምስት አምስት ቤት አድርገው ሲያደራጁን በእኛዎቹ ላይ የተሾመችው ሴት አንድ ቀን ፎቶኮፒ ቤቱ በር ላይ ቆመች።

«እናንተ ደግሞ በስክሪን ከማን ጋር ነው የምታወሩት?»

«ከሐኪም ጋር።»

«የምን ሐኪም ነው ሳይነካ የሚያክም?»

በዕድሜዋ አንድ ትክክለኛ ጥያቄ ጠየቀች፤ እሱንም ልትሰልልበት ነው።

ቡሬ ውስጥ በስልክ መስመር የሚሠራ ኢንተርኔት ቤት አለ ተባለና በሚኒባስ ተሳፈርን። ልጅቷ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ አለቀሰች። ሚኒባስ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሐኪም ነው። አንዱ አሟት ነው አለ፣ አንዷ ርቧት ነው አለች፣ ከኋላ ያሉ ሽማግሌ «ስታረግዣት መንገድ ላይ ምን ተሻግረሽ ነው?» ብለው እህቴን ጠየቋት። ረዳቱ ሙዚቃውን ከፍ አደረገው፤ መላ መሆኑ ነው። እህቴ ለሁሉም መለሰች፣ ለሁሉም በአክብሮት። እኔ ለማንም አልመለስኩም፤ ዓይኔን ብቻ አሳየኋቸው።

ኢንተርኔት ቤቱ በካምፓስ ተማሪዎች ተሞልቷል። እነዚያ ነጥብ የመጣላቸው ናቸው እንግዲህ። አንዱ የሰው ሠርግ ቪዲዮ ያያል፣ ሌላው የራሱን ፎቶ ያያል። ሴትዮዋ ስክሪኑ ላይ ብቅ ብላ «ው-ሃ» ስትል አጠገባችን ያለው ልጅ የጆሮ ማዳመጫውን አወለቀ።

«ሕፃኗ ቻት ጀመረች እንዴ?»

«አንተ አሥራ ስድስት ዓመት ተምረህ የጀመርከውን ነው» አልኩት።

ሳቁ ቤቱን ዞረው። ከዚያ በኋላ ሴትዮዋ «ው-ሃ» ባለች ቁጥር ከየጥጉ «ው-ሃ» የሚል ድምፅ ይመልስላታል። ልጅቷ ምን እንደታያት አላውቅም፣ በዚያ ጫጫታ መሀል እጇን ዘርግታ ኩባያውን ያዘችው። በራሷ። ሴትዮዋ ጮኸች፤ ቤቱም አብሮ ጮኸ። «ጎበዝ! ጎበዝ!» ሁሉም ያጨበጭባል፣ ፊታቸው በደግነት በርቷል፤ ደግ ሥራ የሠሩ መስሏቸዋል። እህቴ ግራና ቀኝ አየች። ሃያ ዓይን ባዶውን ያመሰግናል። ልጅቷን በነጠላና በጋቢ ጠቅልላ፣ ስንብት የለ ምን የለ፣ ወጥታ ሄደች።

ሴትዮዋ ለባዶ ወንበር ታወራለች። ወንበሩ ላይ እኔ ተቀመጥኩ።

«እናትየዋ የት ሄደች?»

«ልጇን ልትሸፍን። እንዲህ ባዶውን ሲመሰገን ትፈራለች። ከጎበዝ በኋላ እግዜር ያሳድጋት ብትያት ምን ነበረበት?»

«ባህላችሁን በጣም አከብራለሁ፤ ግን...»

ባህላችሁን አከብራለሁ ያለ ሰው ግን ሳይል አይጨርስም። ግኑን አልሰማሁትም፤ ምስሏ አፏን እንደከፈተች ቆሞ ቀረ። ሲመለስ «የእናት ተነሳሽነት ወሳኝ ነው፤ ተራ የሚጠብቁ ሌሎች ልጆችም አሉን» እያለች ነበር። ለፋሲካ ልጅቷን ሊወስዷት ነው አልኳት። ስለ ምሰሶው ነገርኳት። እውነት ለመናገር ያን ጊዜ ፊቷ የሰው ፊት ሆነ። ከዚያ «እሱን ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ ይቻላል» አለች። የሚመለከተው አካል። ሰከላ ወጥቶ ምሰሶ የሚነቅል።

እህቴን መናኸሪያው አጠገብ አገኘኋት። ሁለተኛ አልመጣም አለች።

«ፋሲካስ?»

«ፋሲካ በራሱ ይመጣል» አለች።

በሰሙነ ሕማማት ከተማው ሁሉ ልብስ ያጥባል። የእህቴ ነጠላዎች አጥር ላይ ተሰጥተዋል፤ እሷ ጓሮ ቁጭ ብላ የባሏን ሱሪ ታሻለች፣ እጇ እስከ ክርኗ አረፋ ነው። እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ስለባሏ የማስበውን እነግራታለሁ። ውጭ ባጃጅ ነፋ። ልጅቷ ጆሮዋን ይዛ ሮጣ መጣች፤ የእናቷን ትከሻ ዳበሰች፤ ነጠላ የለም። ቀሚሷን ጎተተች።

«ቆይ እናቴ፣ እጄ ሳሙና ነው።»

ጎተተቻት።

«ቆይ አልኩሽ እኮ።»

እህቴ እጇን ልትጠርግበት የምትችለው ደረቅ ነገር አጥታ እጆቿን አንስታ ቀረች። ባጃጁ እንደገና ነፋ። ልጅቷ ዞራ ፊት ለፊት መጣች፤ የእናቷን አፍ፣ ዓይኗን ሳይሆን አፏን፣ አየችና «ሸፍ» አለች።

እኔ በርጩማው ላይ ደረቅሁ። እህቴ እጇ እንደተሰቀለ ነው።

«ምን አለች?»

«ሸፍኚኝ አለችሽ።»

«ውሃ አይደለም?»

«እታለም፣ ውሃ ውስጥ ተቀምጠሽ ማን ውሃ ይጠይቅሻል?»

ተነስታ ከአጥሩ ላይ አንዱን ነጠላ፣ ውሃው እየተንጠባጠበ፣ አምጥታ ጣለችባት። ልጅቷ እርጥቡ ሥር ዝም አለች። እህቴ ሳታለቅስ፣ ሳትስቅ፣ ወደ እኔ ዞራ «ለማንም እንዳትናገሪ» አለችኝ።

«ለባልሽማ ይነገራል። ፋሲካ እኮ እሑድ ነው።»

ያ ነበር ጭንቋ። ካልታየች ትወሰዳለች፤ ከታየች ዓይን አለ። ማታ ነገረችው። በማግሥቱ የእህል ገበያው ሁሉ ሰምቷል። ባል ተብዬው በጤፍ ዋጋ መሀል «ልጄ ተናገረች፤ ከአዲስ አበባ ሐኪም ቀጥሬላት» ይላል አሉ። አንድ ቀን እንኳ የፎቶኮፒ ቤቱን ደጅ ያልረገጠ።

አያ የመጡት በፋሲካ ማግሥት ነው፤ ማር ይዘው፣ ወፍራም ጋቢ ደርበው። ጎረቤት ተሰብስቧል፤ ለአያ ሳይሆን ለልጅቷ። ልጅቷ በር ሥር ተወሽቃለች። አያ ጠጋ ብለው አዩዋት፣ «ምን ፉንጋ ናት» አሉ፣ እትፍ እትፍ አሉባት። ሊወስዷት የመጡ ሰው ናቸው፣ ግን ቢያንስ ወግ ያውቃሉ።

እህቴ ለአማቷ ክብር ነጠላዋን ወገቧ ላይ አደግድጋ፣ ትሪ ተሸክማ ቆማለች። ባሏ ሁለት ሦስት ከቀመሰ በኋላ ልጅቷን ከበር ሥር ጎትቶ መሀል አቆማት።

«በይ እንጂ ለአያሽ ንገሪያቸው። ሸፍን በይ።»

ዝም።

«በይ፣ ሸ-ፍን።» ልክ እንደ ሴትዮዋ። ሴትዮዋን ግን አይቷት አያውቅም፤ ይኼ ነገር በአየር ነው መሰለኝ የሚጋባው።

ጎረቤቶቹም ተቀበሉት። ይቺ በይ ትላለች፣ ያቺ ጎበዝ በይ ትላለች፤ ልጅቷ ጆሮዋን ይዛ ጮኸች። ባሏ ላቡን ጠረገ። አያ አንገታቸውን ዝቅ አደረጉ፤ አይቻለሁ፣ አበቃ የሚል አንገት ነው። እህቴ ላይ ያን ጊዜ ያየሁትን ፊት ደግሜ ማየት አልፈልግም።

ልጅቷ ወደ እናቷ ሮጠች። ነጠላው ወገቧ ላይ ነው፣ እጇ ትሪው ላይ ነው። ዞረች። በቤቱ ውስጥ ትልቁ ጨርቅ የአያ ጋቢ ነበር። ሄዳ ጫፉን ጎተተች። አያ ሊያነሱላት እጃቸውን ሲሰዱ፣

«ቆዩ አያ» አልኩ። «ዝም ብለው ይጠብቁ።»

ለሽማግሌ ቆዩ አይባልም። የእህቴ ባል «አንቺ» አለኝ በጥርሱ መሀል።

አያ እኔን አዩኝ። «ምን እጠብቃለሁ?»

«እስክትጠይቅዎ።»

«አፍ የላትም አላችሁኝ እኮ።»

አያ ግን ጠበቁ። እጃቸው ጋቢው ላይ እንዳለ፣ ሳያነሱ፣ ሳይለቁ። ልጅቷ ጎተተች። ጠበቁ። አፋቸውን፣ ጢማቸውን አየች።

«ሸፍ።»

«ምን ትላለች?»

«ይሸፍኑኝ ነው የምትልዎት» አለች እህቴ ከነትሪዋ።

ጋቢውን ከፍተው አስገቧትና ከደኑት። «እመቤቴ ትሸፍንሽ» አሉ። ማንም አልነገራቸውም። ጎበዝ ግን አላሉም፣ አላጨበጨቡም። ጎረቤቱ ሊያጨበጭብ ሲል በሌላው እጃቸው ዝም አሰኙት።

«ይኼን ቃል ማን አስተማራት?» አሉ ቆይተው።

«የአዲስ አበባ ሐኪም ናት» አለ ልጃቸው።

«ጸሎት ነው» አለች አንዷ ጎረቤት።

«ባጃጅ ነው» አልኩ እኔ።

መሸ፤ ጎረቤት ተበተነ። ልጅቷ ከጋቢው አልወጣችም፤ አያም መነሳት አቅቷቸው በአንድ እጃቸው ይበላሉ። ለማንም ያልሆነ በሚመስል ድምፅ እንዲህ አሉ፦

«የኔ ወንድም አንድም ቀን ጋቢዬን ጎትቶኝ አያውቅም።»

«ጠፍሩ አያደርሰውም ነበር» አልኩ።

የእህቴ ባል ሊመታኝ ተነሳ። አያ ቀና ሳይሉ «ተቀመጥ» አሉት። የልጅቷን ራስ በጋቢው ላይ ዳበሱ።

«አያደርሰውም ነበር» አሉ።

በማግሥቱ በመጀመሪያው መኪና ብቻቸውን ሄዱ። ልጅቷ አልለቅም ብላ ጋቢውም ቀረ፤ ለዚያ የሰከላ ብርድ። እወስዳታለሁ ብለው ሁለተኛ አልላኩም። የእህቴ ባል እስከ ዛሬ ልጁን ያስቀረ እሱ ይመስለዋል።

ኔቱ ሲመለስ እህቴ ራሷ እንሂድ አለች፤ ደግ የዋለችን ሴት ዝም ብሎ መቅረት ነውር ነው ብላ። ሴትዮዋ ከነቀስተ ደመናዋ ብቅ አለች። ነገርናት። በመጀመሪያ «ሸፍንን እኮ አልመረጥንም፤ የኛ ዒላማ ውሃ ነው» አለች። ቀጥላ ደስ አላት፤ በጣም። ቀጥላ እንዲህ አለች፦

«ቪዲዮ ቀርጻችኋል?»

«አልቀረጽንም።»

«እንግዲያው በሚቀጥለው ካሜራው ፊት ትድገምልን። ለሌሎች ወላጆች ማሳያ ይሆናል። እሺ እናት?»

እህቴ ተነሳች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች።

«እሺ» አለች።

ወጣን። አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ባጃጅ ነፋ፤ ልጅቷ የእናቷን ነጠላ ጎተተች። እህቴ ጫፉን አነሳች፤ ግን አልጣለችባትም። መንገዱ ላይ ቆማ፣ ሰው በግራና በቀኝ እየገፋት፣ ነጠላውን በአየር ላይ ይዛ ዝቅ ብላ ልጅቷን አየች። ጠበቀች።

ለካ ከእነዚያ ሁሉ እሺዎች አንዷን የምሯን ነው ያለቻት። ለሴትዮዋ ግን አልነገርኳትም።